ቀለበት ያሳለፈ

የአሥራ አንድ ውሻ ቀን፣ ገበያ

ማሳትል ዛሬ ኳሷን በሜዳው ግድግዳ ላይ ባለው የድንጋይ ቀለበት አሳለፋት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ያላደረገውን፣ ለዚያውም በግራ ዳሌው፣ ለዚያውም እየወደቀ። ኳሷ ከግድግዳው ነጥራ ስትመለስ ተንሸራትቶ ከሥሯ ገባ። ዳሌው ላይ ጧ ብላ ወደ ላይ ወጣችና በድንጋዩ ቀለበት መሐል ሾልካ በወዲያ በኩል ወደቀች። ከዚያ ሁሉም መጎናጸፊያውን ይዞ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ቀለበት ያሳለፈ ሰው የያዘውን ተመልካች ልብስ መውሰድ መብቱ ነውና። የተከበሩ ሰዎች እርስ በርስ ሲረጋገጡ ማየት ለዓመት የሚበቃ ሳቅ ነው።

ማሳትል ግን ማንንም አላባረረም። ትንሽ ቆመ። እኔ ከዳኞቹ መቀመጫ ሥር ስለነበርኩ ለመሮጥ አልደረስኩም። ቀስ እያለ መጣና የእኔን ብቻ ከትከሻዬ ገፈፈኝ። «ከወዳጅ ይጀመራል» አለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ የሚወስደው ከእኔ ነው፣ እኔም እስቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ ከቃጫ ተክል ጭማቂ የሚጠመቀውን ጠላቸውን እየጠጡ (መጠጣት የተፈቀደው ለእነሱ ብቻ ነው፣ እንደልባቸውም ይናገራሉ) የድሮዋን አባባል አመጧት፦ ቀለበት ያሳለፈ ሰው ወይ የሰው ሚስት ጋ የገባ ነው፣ ወይ ሞቱ የቀረበ ነው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ባለቤቴ ሾኮ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ሰው ሁሉ «ቀለበቱ! ቀለበቱ!» ሲል እሷ አፏን በእጇ ይዛ ያለችውን ሰምቻለሁ። «ዳሌው» ነው ያለችው። የዚያ ሁሉ ሰው ዓይን ቀለበቱ ላይ ሳለ የእሷ ዓይን ዳሌው ላይ ምን ይሠራል?

አሥራ ሁለት ዝንጀሮ

በዳኛው ቤት ሁለት ሰዓሊዎች ነን፣ እኔና ኮስካ። ከሳሽና ምስክር የተናገረውን እንሥላለን፤ ዳኛው ሥዕሉን አይተው ይፈርዳሉ። ኮስካ ዛሬ ሥራ ፈቶ የሰፈራችንን ቤቶች በጣቱ እየቆጠረ «ማሳትል የገባው የማን ቤት ይሆን?» ሲል ዋለ። የራሱ ቤት ላይ ሲደርስ ዘለለው። የእኔም ላይ ሲደርስ ዘለለው።

የእኔን ለምን ዘለለው?

አንድ ሸምበቆ

መጎናጸፊያዬ ተመለሰ። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ። ሾኮ ማሳትል ልኮት ነው አለች። በማን ላከ አልኳት። በሰው አለች። በማን ሰው? «ኪያዊ፣ ልብስህ መጣልህ አይደል?» አለችና ወፍጮዋ ላይ ተንበረከከች።

ማሳትል ሚስት የለው፣ አሽከር የለው። የሚኖረው በከተማው ገዥ ግቢ ከተጫዋቾቹ ጋር ነው። ተጫዋቾቹ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ለእሸት በዓል ጾም ገብተዋል፤ ሴት አትጠጋቸውም። የሴት እጅ የነካው ተጫዋች የከተማውን ዕድል ይዞ ይወድቃል። ታዲያ ይህን ልብስ ማን አጠበው?

አሸተትኩት። የጥድ ሙጫ ይሸታል። ሾኮ ቁስል ላይ የምታደርገው ዓይነት።

ሦስት ንስር

ሾኮ ወጌሻ ናት። ከአባቷ የወረሰችው ሙያ ነው። የተሰበረ ታስራለች፣ የወለቀ ትመልሳለች፣ ያበጠ በባልጩት ምላጭ ትበጣለች። ሰው እጇን ሲያመሰግን እኔም እኮራ ነበር።

ዛሬ ከቅርጫቷ ሥር በደም የራሰ ጥጥ አገኘሁ። ፈልጌ አይደለም። ቅርጫቱ አልተቋጠረም ነበር፣ ክዳን ብቻ ነው የነበረው። የማን ደም ነው ብላት የአንድ ተሸካሚ ነው፣ ትከሻው መግል ቋጥሮ ነበር አለች። የትኛው ተሸካሚ? ያ ጠባሳ ያለበት፣ ጨው የሚያመላልሰው። ገበያ ሄጄ ፈለግሁት። ሁለት ከረጢት ጨው ተሸክሞ እያፏጨ ይሄዳል።

«ትከሻህ እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«የቱ ትከሻዬ?» አለኝ።

ለሾኮ አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው።

ስድስት ባልጩት

ችኮላ ላይ ነኝ። የውኃ ቦይ ክስ፣ ስድስት ምስክር፣ ሁሉም ውሸታም።

ልምምዱን በአጥር ቀዳዳ አየሁ። ሌሎቹ እየዘለሉ ኳሷን ሲቀበሉ ማሳትል ከግድግዳው ተጠግቶ እንደ ምሰሶ ይቆማል። ስትደርስበት በቀኝ ዳሌው ብቻ ይመልሳታል። ምን ያለበት ዝላይ አይችልም።

ሾኮ ከቀትር በኋላ ቤት አልነበረችም።

ሰባት ዝናብ

አልተከተልኳትም። ቀይ ቀለም የሚሸጡት በዚያ በኩል ነው፣ ቀይ ቀለም አልቆብኝ ነበር።

ከኳሱ ሜዳ ጀርባ እትዬ ሴንቴዋ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት አሉ። ሾኮ እሳቸው ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ ማሳትል ራሱን ተከናንቦ በጓሮ በኩል ገባ። ራሱን ቢከናነብም አረማመዱ አይጠፋኝም፤ ግን ዛሬ ትንሽ ያነክሳል። የቤቱ ግድግዳ ሸምበቆ ነው። ጭቃው የተላጠበት ቦታ ቆምኩ።

በመጀመሪያ የእሱን ድምፅ ሰማሁ፤ ቀስ በይ ይላል። ከዚያ አቃሰተ።

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል» አለችው ሾኮ። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ቻለው።»

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ትንፋሽ ብቻ። ቀጥሎ ማሳትል፦

«ባልሽ ቢያውቅስ?»

«ባሌ ካወቀ ይሥለዋል» አለችው። «ያወቀውን አለመሣል አይችልም።»

ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አልሳቁም።

ማታ አደንጓሬና ቁልቋል አቀረበችልኝ። ፊትህ ምነው አለች፤ ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ነው አልኳት። አገጬን ይዛ ዓይኔን በቀስታ እፍ አለችልኝ። እጇ እንደ ወትሮው ነበር። ያስፈራኝም ይኸው ነው። እንዲህ ባለ እጅ የሚዋሽ ሰው ሌላ ምን አይዋሽም?

አሥር ነፋስ

ዶፍ ዝናብ። ችሎት የለም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ሾኮ የአንዲት ሕፃን ክንድ ወልቆ ተጠርታ ሄዳለች። የሕፃኗን ልቅሶ በጆሮዬ ስለሰማሁ ይህኛው እውነት ነው።

ነገሩን አጥርቼ ለማየት ብዬ ለራሴ አንድ ወረቀት ሣልኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የእኔ ልብ የሚያየው እጄ ሲሠራ ነው። ቤታችንን ሣልኩ። የእትዬ ሴንቴዋን ቤት ሣልኩ። በመሐላቸው የእግር ዱካ። በእኛ ሙያ ዱካ ማለት ሄደ ማለት ነው፣ ከቤት ወደ ቤት ዱካ ካለ ሌላ ቃል አያሻም። ዱካው ጫፍ ላይ ሾኮን ሣልኳት፣ ከፊቷ ተጫዋቾች የሚታጠቁትን የዳሌ ቆዳ የታጠቀ ሰው። ፀጉሯን ከሥራዬ ሁሉ አሳምሬ ሠራሁት። በጥቁር ብቻ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ሕጉን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የሰው ሚስት የነካና የተነካች ሁለቱም በአደባባይ በድንጋይ ይወገራሉ። ሁለት ጊዜ ሥያለሁ። ድንጋዩን መሣል ቀላል ነው፣ ክብ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከቤት አይወጣም። ነገ አቃጥለዋለሁ።

እኔና ማሳትል በአሥራ አራት ዓመታችን አብረን ሜዳ ገብተን ነበር። በሦስተኛው ቀን ኳሷ ሆዴን መታችኝ። የጎማ ኳስ የሕፃን ልጅ ክብደት አላት፤ ደም ተፋሁ። ማሳትል በጀርባው አዝሎ ወደ ወጌሻው፣ ወደ ሾኮ አባት ቤት ወሰደኝ። ሾኮን ያየሁት ያን ቀን ነው። የውኃ ቅል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔን ነበር የምታይ ወይስ የተሸከመኝን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እሱ ተጫዋች ሆነ፣ እኔ የሰው ሥራ የምሥል ሆንኩ።

ቀንቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አሁን ግን የምቀናበት ምክንያት አለኝ፣ ያኔ አልነበረኝም።

አንድ ሞት

ከቀኖች ስም ሁሉ ይህን አልወደውም።

ዛሬ የውኃ ቦዩን ክስ ወረቀቶች ጠቅልዬ ለዳኛው አስረከብኩ። በችኮላ ነው ያሰርኩት። ኮስካ በር ላይ ቆሞ ና እንጂ እያለ ነበር። ቤት ስመለስ የራሴን ወረቀት ከቀለም ሣጥኑ ሥር ፈለግሁ። የለም። ሣጥኑን ገለበጥኩ። የለም።

እንዴት ወደዚያ ጥቅል እንደገባ አላውቅም። ትናንት ከላይ አስቀምጬው ነበር፣ የውኃ ቦዩን ወረቀቶችም ከላይ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አንድ መጠን ናቸው። ማንም ሊሳሳት ይችላል።

ሮጬ መመለስ እችል ነበር፤ ዳኛው ከቀትር እንቅልፋቸው ሳይነሡ አያነቡም። ዝናብ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከእኔ አፍ የወጣ ነገር የለም።

ሁለት አጋዘን

በጠዋት ወሰዷት። ሁለት ዘብ። ቂጣ እየጋገረች ነበር። እጇን እስክትጠርግ ጠበቋት። «ምን አደረግሁ?» ብላ የጠየቀችው ዘቦቹን አይደለም፣ እኔን ነው። አላውቅም አልኳት። እውነትም ያደረገችውን በርግጥ አላውቅም።

ቂጣው ምጣዱ ላይ አረረ።

ማሳትልንም ይዘውታል። በእንጨት ፍርግርግ እስር ለየብቻ ነው ያሉት ይላል ኮስካ። ይህን ሲነግረኝ አላየኝም፣ ብሩሹን ነበር የሚያይ።

አምስት ውሻ

ሁሉንም ልጻፍ። ዛሬ ችሎቱ ላይ የሣለው ኮስካ ነው፣ እኔ የቆምኩት ባለጉዳይ የሚቆምበት ነው።

ዳኛው ወረቀቴን በሁለት ጣታቸው አነሡት።

«ይህ ያንተ እጅ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ከሳሽ ነህ?»

«አልከሰስኩም ጌታዬ። ወረቀቱ በስሕተት ገብቶ ነው።»

«ዱካ እንኳ የራሱ እግር አለው» አሉ ዳኛው። «ይህ ወረቀት በማን እግር መጣ?»

የባል ቃል ብቻውን ስለማይገድል ምስክር ጠሩ። እትዬ ሴንቴዋ ገቡ። «አዎ፣ እኔ ቤት ይገናኙ ነበር፣ አምስት ጊዜ ወይም ስድስት» አሉ። ምን ያደርጉ ነበር ሲባሉ መሬት መሬት እያዩ «እኔ ውጭ ነበር የምቀመጥ፣ ሰው ሲመጣ በሳል ምልክት እንድሰጥ» አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ ሰው ከኋላዬ «ቀለበት ያሳለፈ ዕለት ነው እኔ ያወቅሁት» አለ። እኔም እንደዚያ ነበር ያወቅሁት። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን የሰካራም ወሬ ሆነብኝ።

ሾኮ ተጠየቀች። በሦስት ቀን ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ዳሌው ተሰብሯል ጌታዬ። ያ ቀለበት ያሳለፈበት። ደም እየቋጠረ ነበር፣ እየበጣሁ አፈስ ነበር። የታጠቀውን የዳሌ ቆዳ አስፈትተው ይዩት።»

ዳኛው ወደ ማሳትል ዞሩ። ማሳትል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጤነኛ ነኝ» አለ።

ጤነኛ ነኝ! ድንጋዩ ተቆልሎ እየጠበቀው። ለበዓሉ አይጫወትም ከመባል መሞቱን መረጠ። እሷንም ይዞ። በሕይወቴ ይህን ሰው የጠላሁት ያቺን ሰዓት ብቻ ነው፤ እኔ ልፈርድበት የማልችል መሆኔን እያወቅሁ።

ዘቦቹ ቆዳውን ፈቱት። ዳሌው እንደ በሰበሰ አቮካዶ ጠቁሯል። አራት ብጣት አለበት፣ አራቱም በፀጉር የተሰፉ። ረጅም የሴት ፀጉር። ዳኛው ቀረብ ብለው አዩና ማሳትል ለመጮህ እስኪቃረብ ድረስ በጣታቸው ተጫኑት። ከዚያ ሾኮን ለባልሽ ለምን አልነገርሽውም አሏት።

«ባሌ የሚያውቀውን ሁሉ እርስዎም ያውቁታል ጌታዬ» አለች። «ሥራው ነው።»

እኔ ያን ጊዜ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልናገር? ሌላ ክር አልነበራትም ወይ? እያልኩ ነበር።

ዳኛው በመጨረሻ ሕጉን አነበቡ፤ በሐሰት የከሰሰ ያሰበውን ራሱ ይቀበላል። «ይህ ሰው ከሶሻል ወይስ አልከሰሰሽም?» አሏት። «ከሶኛል ካልሽ ድንጋዩ የእሱ ነው።»

ዞራ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አልከሰሰኝም» አለች። «ቢከሰኝ ኖሮ ፊቴ ቆሞ ይናገር ነበር።»

ሰባት ሣር

ሾኮ ቤት ናት። ጾመኛ ተጫዋች ነክታለች ተብሎ በገበያ መሐል ፀጉሯን ላጯት። ጆሮዎቿ እንዲህ ትናንሽ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ማሳትልን ከግቢ አስወጡት። እትዬ ሴንቴዋ ቤት ተኝቷል ይባላል።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። «ቂጣው ቀዝቅዟል፣ ላሙቅልህ?» አለችኝ።

አንድ ዝናብ፣ የእሸት በዓል

ተሸነፍን። በማሳትል ቦታ የገባው ልጅ በዳሌ ብቻ የምትመታውን ኳስ ሁለት ጊዜ በእጁ ነካት። ከሜዳው ስንወጣ ሰው ሁሉ እኔን እያየ ይንሾካሾካል፤ የሴት እጅ ነው የጣለን ይላሉ። የሚወቅሱት እኔን አይደለም፣ እሷን ነው። እንዲያውም ሁለት ሰዎች ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በራችን ላይ አመድ ተደፍቶ አገኘሁ። ሾኮ ሳታይ ጠረግሁት። ትናንትም የተደፋውን እሷ እኔ ሳላይ እንደጠረገችው ከመጥረጊያው አወቅሁ።

አምስት ቤት

ወጌሻ ፈልጎ የሚመጣ የለም። ያቺ ክንዷ የወለቀ ሕፃን እንኳ እናቷ እኛን ስታይ መንገድ አቋርጣ ትሄዳለች።

አዲስ ነገር አለ። ሾኮ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ፊቴ ትቆማለች። እጆቿን አጣምራ፣ ችሎት ላይ እንደቆመችው። «ዛሬ ወደ ምንጩ ነው የምሄደው። በታችኛው መንገድ። ከማንም ጋር አልነጋገርም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ እመለሳለሁ።» ስትመለስም እንደዚያው፤ ማንን እንዳየች፣ ማን ሰላም እንዳላት፣ ማን እንዳላላት።

አያስፈልግም ሾኮ፣ እባክሽ አልኳት።

«ሣለው» አለችኝ።

አሥር ጥንቸል

ዛሬም። ጓሮ ልትወጣ፣ ለሽንቷ፣ መጥታ ነገረችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ቢኖር እይዘው ነበር።

አምናታለሁ። ይህን ነገርኳት። «አሁንማ ታምነኛለህ፣ ዳኛው ነግረውሃል» አለችኝ።

ትናንት በእትዬ ሴንቴዋ ቤት አጠገብ አለፍኩ፤ በዚያ በኩል መንገድ ስላለኝ ነው። ማሳትል ደጃፉ ላይ በዱላ ተደግፎ ገመድ ይፈትላል። አየኝ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ልብሴን ገፎኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰላምታውን መልሼ ወይስ ሳልመልስ እንዳለፍኩ አላስታውስም። ሾኮ እዚያ ቤት ትመጣ እንደሆነ ግን በሩን አይቻለሁ። ማየቴን ያወቅሁት ካለፍኩ በኋላ ነው።

አሥራ ሁለት ውሻ

ዛሬ ስነቃ ሾኮ ወጥታለች። ፊቴ አልቆመችም። የት እንደምትሄድ፣ በየትኛው መንገድ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ አንድም ቃል አልነገረችኝም።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንደ ድሮዋ ዝም ብላ ወጣች፣ በቃ ይቅር ብላኛለች አልኩ። ኮስካን ሳይቀር በቀልድ አሳቅሁት። ወደ ቤት ስመለስ ከገበያ የምትወደውን ጣፋጭ ድንች ገዛሁላት። እሳቱን ራሴ አነደድኩ።

ድንቹ በስሏል። ከበሮው ለምሽት ከተመታ ቆይቷል። አሁን ቀለሜን ላነሣ ስሄድ አየሁ፤ የምላጭ ቅርጫቷ ቦታው ላይ የለም።